ሳጥኑ ሶልያና ቤት የገባ ዕለት

ሶልያና የመጨረሻዋን ብሎን አጥብቃ፣ የሳጥኑን ክዳን ገጥማ፣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ናሆምም ማኅተማቸውን ለጥፈው ከወጡ በኋላ ነበር ጠረጴዛውን መጥረግ የጀመረችው። ልጣጮቹን በመዳፏ ሰበሰበቻቸው። ቀጫጭን፣ ሰማያዊ፣ እንደ ሽንኩርት ገለፈት የሚንኮሻኮሹ ፕላስቲኮች ናቸው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር አየች። ምንጣፉን ገለጠች። ነጠላዋን አራገፈች። ያው ሦስት ናቸው።

አራት መሆን ነበረባቸው። ዲስኩን ከላይና ከታች የሚያቅፉት ለስላሳ ላስቲኮች ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዱ ላስቲክ በሁለቱም ፊቱ ልጣጭ አለው፤ ሁለት ጊዜ ሁለት አራት ነው። ይህን ለማወቅ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረስ አያስፈልግም፤ እሷ ግን ጨርሳለች፣ ያውም በጥሩ ውጤት። ስለዚህ አንዱ ልጣጭ እዚያው ውስጥ፣ በዲስኩና በማበጠሪያው መካከል ቀርቷል ማለት ነው።

ማበጠሪያ የሚሉት በኤስኤስዲው፣ መዝገቡ በሚያድርበት ዲስክ፣ ላይ የሚታሰረውን የአሉሚኒየም ብረት ነው፤ ጥርስ ጥርስ ስላለው የሳቢያን ሠፈር ሰው ሌላ ስም አላወጣለትም። ዲስኩ ራሱ አንድ ፍሬ ማስቲካ ቢያክል ነው። ሲሠራ ይሞቃል፤ ማበጠሪያው ሙቀቱን ይቀበለዋል፤ ላስቲኩ በሁለቱ መካከል ያቀብላል። ልጣጩ ካልተነሣ ላስቲኩ ምን ያቀብላል? ሶልያና ዓይኗን ስትጨፍን ቤቱ ሲቃጠል ታያት። መጀመሪያ መጋረጃው፣ ቀጥሎ ሶፋው፣ ከዚያ ጎረቤት።

«ያፌት!» አለች።

ባሏ ያፌት ጫማውን እያሰረ ነበር። የከተማውን የጥላ መረብ ከሚወጥሩት ሠራተኞች አንዱ ነው፤ ዛሬ ግን ለርክክቡ ፈቃድ ወስዷል።

«ምን ተቃጠለ?» አለ ቀና ሳይል። ሚስቱ ስሙን በዚህ ድምፅ ስትጠራው ይህን መመለስ ከለመደ ሃያ ዓመት ሆኖታል።

«ገና አልተቃጠለም።»

«እንግዲያው ቁርስ እንብላ።»

ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ማኅተሙን አየችና ዘጋችው። የተለጠፈ ማኅተም ከርክክብ በፊት ከተቀደደ ጥፋቱ በእድሩ ደብተር ይሰፍራል። የእሷ ስም ደግሞ እዚያ ደብተር ላይ ከበቂ በላይ ሰፍሯል።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባ አንድ ነው፣ ወሩ ሰኔ። ከባሕር ማዶ ያሉት የመረጃ ማስቀመጫዎች በራቸውን ከዘጉ ወዲህ ሰው ድምፁንም፣ ፎቶውንም፣ ውሉንም፣ የልጁን የክትባት ቀንም የሚያኖረው እንደ ድንኳንና እንደ ድስት በእድር ነው። ስልክ ይደውላል እንጂ ምንም አያስቀምጥም። ሶልያና ያለችበት የድሬዳዋ ሳቢያን እድር አርባ ሁለት ቤተሰብ አለው፤ የአርባ ሁለቱም ቤት ነገር በአንድ ሳጥን ተይዞ በየስድስት ወሩ በተራ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ተረኛው የራሱን ሳጥን ገጥሞ ሁሉንም ከአሮጌው ይገለብጣል። ሁለት ሰዎች በአጥር ከተጣሉ «መዝገብ ይጠየቅ» ይባላል። ሙሽራ ከሠርጉ በፊት መጥቶ የሟች አያቱን ምርቃት ሰምቶ ይሄዳል። አንዲት ሴት ከሞቱ ሰባት ዓመት ከሆናቸው አክስቷ ድምፅ ጋር በዱባ ወጥ ቅመም ተከራክራ ተሸንፋ ተመልሳለች።

መስማት የፈለገ ሁሉ ተረኛው ቤት ይሄዳል። ወንበር ይቀርብለታል፣ ውኃ ይሰጠዋል፣ ባለቤቱም አጠገቡ ተቀምጦ አብሮት ያዳምጣል። ደንቡ ነው። ለብቻው መስማት የሚችለው ተረኛው ብቻ ነው።

የሶልያና ጣጣ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከአራት ዓመት በፊት፣ በአንድ የግንቦት ምሽት፣ እናቷ ኤፍራታ ደወለችላት። ሶልያና ልብስ እያጠበች ስለነበር አላነሣችም። እናቷ መልእክት ትታ ተኛች፤ ጠዋት አልተነሣችም። መልእክቱ አርባ ሰከንድ ነው። ሶልያና እስከ ዛሬ አልሰማችውም። «ደክሞኛልና ድረሽልኝ» ብላ እንደሆነስ? «እናትሽን ረሳሽ» ብላ እንደሆነስ? ይህን በሰው ቤት፣ ሰው ጎኗ ተቀምጦ ጉሮሮውን እየጠረገ እንዴት ትስማው?

ታዲያ ተራው ሲደርሳት ለምን አልተቀበለችም? ፈርታ ነው። በመጀመሪያው ጎርፍ ይመጣል ብላ አሳለፈች። በሁለተኛው የቤቱ ሽቦ አርጅቷል አለች። በሦስተኛው ልጇ አስካለ ጉንፋን ይዟት ነበር። እሷ ባሳለፈች ቁጥር ሳጥኑ ከእሷ በፊት ተረኛ በነበረው በሐሩን ቤት ስድስት ወር ተጨመረለት፤ ለስድስት ወር የተቀበለው ሰውዬ ሁለት ዓመት ሞላው። ደንቡ እንደሚለው ሦስት ጊዜ አሳልፎ በአራተኛው መረከብ ያልቻለ ቤት ከተራ ለዘለዓለም ይሰረዛል። አራተኛው ዛሬ ነው። ማብቂያው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት የሠፈሩ የፀሐይ ኃይል በሙሉ ወደ ውኃ ፓምፖቹ ይዞራል፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም።

ሁለት ሰዓት ላይ እልልታ ተሰማ። ሐሩን አሮጌውን ሳጥን በራሱ ላይ ተሸክሞ፣ ግራና ቀኝ ጃንጥላ ተይዞለት ገባ። የፓምፕ ጠጋኝ ነው፤ ሃምሳ ደፍኗል፣ አላገባም፣ አፉ አያርፍም።

«አቦ ተገላገልኩ!» አለ ገና ከደጅ። «እንኪ ሶሊ፣ ሠርግሽንም ለቅሶሽንም ተረከቢ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቴ የአውቶቡስ ፌርማታ ሆነ እኮ! አንዱ ምርቃት ሊሰማ ይመጣል፣ አንዱ ውል ሊያይ ይመጣል፣ ወላሂ አንድ ቀን ሸርጤን አገልድሜ ተዝናንቼ አልተቀመጥኩም።»

«ይቅርታ ሐሩን፣ በኔ ምክንያት ነው።»

«ይቅርታሽን በጣፋጭ ለውጪው፣ በሙሸበክ።»

ሁለቱን ሳጥኖች ጎን ለጎን አስቀምጠው በአጭር ገመድ አገናኟቸው። ጋሽ ናሆም መነጽራቸውን አድርገው ማኅተሙን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። በአዲሱ ሳጥን ፊት ለፊት ሁለት ቁጥሮች በሩ፦ የዲስኩ ሙቀት አርባ ስምንት ዲግሪ፣ የቀረው ጊዜ ስምንት ሰዓት። በዚህ ከሄደ አሥር ሰዓት ላይ ያልቃል።

ሶልያና ወንበር ስባ ከቁጥሮቹ ፊት ተቀመጠች። ሰው ሁሉ እንግዳ ሲቀበል እሷ አርባ ዘጠኝን ተቀበለች፣ ቀጥሎም ሃምሳን።

«ደግሞ ማበጠሪያ አስረውበታል!» አለ ሐሩን በክዳኑ ቀዳዳ አጮልቆ እያየ። «ጋሽ ናሆም፣ ይሄ የእርስዎ ሥራ ነው።»

«የደንቡ ሥራ ነው» አሉ ጋሽ ናሆም። «አንቀጽ ዘጠኝ። ማበጠሪያ የሌለው ዲስክ በሳቢያን ፀሐይ ኮፍያ የሌለው ራሰ በራ ነው።»

«ዲስኩ ፀሐይ ላይ ምን ሊሠራ ይወጣል ጋሼ? እኔ ቤት ሁለት ዓመት ራቁቱን ነው የተኛው። አንድ ቀን አላስነጠሰውም።»

«አንተ ቤት ምን ሠራና! አንድ ምርቃት ማሰማት ሥራ ነው? ዛሬ የአርባ ሁለት ቤት ዕቃ በአንድ ቀን ሊሸከም ነው።»

«ዲስክ እንደ አህያ ነው፤ ሲከብደው ቀስ ይላል እንጂ አይሞትም። ሰማንያ ሲደርስ ራሱ ያዘግማል፤ እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው።»

«ያዘገመ እንደሆነስ? አሥራ ሁለት ሰዓት ያንተን አህያ ቆሞ ይጠብቃል?»

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር፤ ክርክሩ እስከ ቀትር የዘለቀውም ለዚሁ ነው። ሶልያና ግን ከዚህ ሁሉ የሰማችው «ሰማንያ» የምትለዋን ብቻ ነበር።

ሴቶቹ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይገቡ ጀመር። አዲስ ተረኛ ቤት ሳጥን ማልበስ ከአባት ከእናት የመጣ ነው፤ ድሮ ቴሌቪዥኑንና ፍሪጁን ያለበሰ ሕዝብ ሳጥኑን ራቁቱን አይተውም። እያንዳንዷ የሠራችውን ዳንቴል ከቦርሳዋ አውጥታ፣ «እንኳን ደረሰሽ፣ መዝገብሽ ይድመቅ» ብላ ሳጥኑ ላይ ትዘረጋለች፤ ሌሎቹ እልል ይላሉ። ነጭ መጣ፣ ክሬም መጣ፣ የወይን ጠጅ መጣ፣ ዳር ዳሩ ዶቃ ያለው መጣ። በመጨረሻ በሁለት ሰው ተደግፈው እማማ ናርዶስ ገቡ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። የእሳቸው ዳንቴል እስከ ጠረጴዛው እግር የሚወርድ፣ አራት ወር የፈጀ ነገር ነበር።

«ከላይ ይሁን» አሉ። «ዓይኔ ደክሟል፣ ልየው።»

ማንም አልተከራከረም። እማማ ናርዶስ የሰጡትን ሰሐን ባዶውን መልሳባቸዋለች ብለው አንዲትን ሴት ስድስት ዓመት ያኮረፉ ሰው ናቸው። የታረቁትም ሴትዮዋ ሠፈር ቀይራ ስለሄደች ነው ይባላል።

አምስት ሰዓት ላይ በውጭ የቀትሩ ደወል ተደወለ። ሰው ሁሉ ወደየጥላው ገባ፣ መንገዱ ጭር አለ፣ ቤት ውስጥ ያለውም የሙቀት መለኪያ አርባ አንድን አሳየ። የዲስኩ ሙቀት ሰባ አራት ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ሰማንያ አንድ ገባ። ያን ጊዜ ሶልያና ሁለተኛው ቁጥር፣ የቀረው ጊዜ፣ ሲዘል አየች፤ አራት ሰዓት ይል የነበረው አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ።

አስካለ ትሪ ይዛ ቆማ ቀረች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እናቷን አራተኛውን ተራ እንድትቀበል ሦስት ወር ሙሉ የጨቀጨቀችው እሷ ናት። ስሟም የአያቶች ስም ፋሽን በነበረበት ዓመት የወጣላት ነው።

«አሥራ አንድ ሰዓት?» አለ ያፌት። «ታዲያ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ሊያልቅ ነው?»

«አሥራ ሁለት ላይ ኃይሉ ይሄዳል» አሉ ጋሽ ናሆም፤ ደብተራቸውንም ከኪሳቸው አወጡ። ቀስ ብለው ነው ያወጡት፤ ሰውዬው ክፉ አይደሉም። «ልጄ ሶልያና፣ ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

ሶልያና ተነሣች። አራት ዓመት የፈራችው አርባ ሰከንድ ከማኅተሙ በለጠባት።

«ልጣጭ ረስቻለሁ» አለች።

«ምን?»

«የላስቲኩን ልጣጭ። አራት ነበሩ፣ ሦስት ነው ያነሣሁት። ጠዋት ነው ያወቅሁት። ማኅተም ተለጥፎ ነበርና ፈርቼ ዝም አልኩ።»

ጋሽ ናሆም ደብተሩን ዘጉት። ፊታቸው ላይ ቁጣ ሳይሆን ብርሃን ታየ። «አላልኩም!» አሉ ወደ ሐሩን ዞረው። «ማበጠሪያው አይደለም የደከመው! ልጅቱ ኮቱን አልብሳ አዝራሩን ሳትቆልፍ ነው!»

«ጋሼ፣ ይክፈቱትና ይፍረዱ» አለ ሐሩን። መፍቻው ቀድሞ እጁ ላይ ነበር።

ማኅተሙን ዳኛው ራሳቸው ቀደዱት። ሴቶቹ ዳንቴሎቹን አንድ በአንድ አንሥተው ሶፋው ላይ ከመሩ። ሳጥኑ ጠፋ፣ ቀዘቀዘ፣ ተከፈተ። ሐሩን ማበጠሪያውን ፈትቶ ላስቲኩን ገለጠና በሁለት ጣቱ አንድ ሰማያዊ ነገር ይዞ ከፍ አደረገ። ልጣጩ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ቦግ አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። «እልልል!» አለች አንዷ፣ ልክ የልጇ ጥርስ እንደተነቀለላት እናት። ያፌት እንኳ አጨበጨበ። ሶልያና በሕይወቷ ጥፋቷ ሲገኝ ሰው እንዲህ ደስ ሲለው አይታ አታውቅም። እሷም ሳቀች፣ ላቧን እየጠረገች።

ሰባት ሰዓት ላይ ሥራው ካቆመበት ቀጠለ። ሃምሳ አምስት ዲግሪ፤ የቀረው አራት ሰዓት ተኩል። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ይደርሳል። ሙሸበኩ ዞረ፣ ሳምቡሳው ዞረ፣ ሎሚ በበረዶ ተቀዳ። ሴቶቹ ዳንቴላቸውን በየተራቸው መልሰው አለበሱ፤ እልልታውም እንደገና ከመጀመሪያው ተባለ፣ ደስታው አዲስ ነውና።

ሶልያና ወንበሯ ላይ ተመለሰች።

«አሁንስ ተነሺና ብዪ፣ አለቀ እኮ!» አለቻት ጎረቤቷ።

«እበላለሁ፣ ቆይ» አለች። ደስታ ሲበዛ እሷ የበለጠ ትጠራጠራለች። አያቷም እናቷም እንዲሁ ነበሩ፤ በዘር የመጣ ነው፣ እንደ ስኳር በሽታ።

ዓይኗ ከቁጥሩ አልተነሣም። ነጩ ሲለብስ ሃምሳ ስምንት። ዶቃ ያለው ሲጨመር ስድሳ ሁለት። አሥረኛው ላይ ስድሳ ዘጠኝ። የእማማ ናርዶስ ከላይ ተዘርግቶ እስከ ጠረጴዛው እግር ከወረደ በኋላ፣ ሰባ ስድስት። ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ደግሞ ሰማንያ፣ ሁለተኛውም ቁጥር ዘለለ፦ ስድስት ሰዓት።

«እንደገና ሞቀ!» አለ ያፌት።

«አላልኩም!» ሐሩን ከተቀመጠበት ተነሣ። «ልጣጩም ተነሣ፣ ያው ነው! ማበጠሪያው ነው ሙቀቱን አቅፎ የያዘው። ይነሣ!»

«እንዲያውም ሁለተኛ ይታሰርለት!» ጋሽ ናሆምም ተነሡ። «እቤቴ የልጄ ልጅ ጨዋታ የሚጫወትበት አለ፣ ሦስት ጣት የሚረዝም ማበጠሪያ አለው፣ አሁን ይምጣ!»

«አቦ ጋሼ፣ ሰው ሲታመም ሁሉ ኮፍያ ያደርጉበታል?»

«አንተስ ያመመውን ሁሉ ታስወልቀዋለህ?»

ሳሎኑ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «በማበጠሪያ» ግማሹ «ያለ ማበጠሪያ» እያለ በአንድ ጊዜ ያወራል፤ ስለ ዲስክ አንድ ቀን አስበው የማያውቁ ሰዎች እጃቸውን እያወናጨፉ ይምላሉ። ሶልያና የማበጠሪያውን ነገር አታውቅም። የቁጥሮቹን ቅደም ተከተል ግን ታውቃለች፤ ከእሷ በቀር ያየው የለም፤ ሌላው ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ነበር።

እጇን ከሳጥኑ ጀርባ ሰደደች። መተንፈሻው መኖር ያለበት ቦታ ላይ የዳንቴል ክር ብቻ ነው፤ ፋኑ እየሳበው ወደ ውስጥ ጠልቋል፤ እያንዳንዱ አበባ፣ እያንዳንዱ ኮከብ አንድ ቀዳዳ ደፍኖ ተቀምጧል። አሥራ አራት ድርብ።

ቀና ስትል እማማ ናርዶስን አየቻቸው። ከፊት ለፊቷ፣ ትራስ ተደግፈው፣ ዳንቴላቸውን በፍቅር እያዩ ተቀምጠዋል።

ሶልያና ክፉ ክፉውን ማሰብ ታውቅበታለችና በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም አሰበችው። ብትናገር እማማ ናርዶስ ያኮርፋሉ፤ እሳቸው ካኮረፉ አሥራ ሦስቱ ያኮርፋሉ፤ አስካለን ማን ይድርላታል፣ እሷን ማን ይቀብራታል? ካልተናገረች ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ይመጣል፤ ሳጥኑ ሌላ ቤት ይሄዳል፤ የእናቷ ድምፅ እንደታሸገ ይቀራል። ወይ ደግሞ በሌላ ሰው ሳሎን፣ በሌላ ሰው ወንበር።

«እማማ» አለች። ድምፅዋ አልወጣላትም። «እማማ ናርዶስ!» ይኼኛው ከሚገባው በላይ ወጣ።

«አቤት ልጄ።»

«ሳጥኑ... ታፍኗል። በማበጠሪያው አይደለም። በኛ ነው። በ... በዳንቴሉ ነው። እርስዎ ላይ ድፍረት አይሁንብኝ፤ ሲለብስ ቁጥሩን እያየሁት ነበር፤ አንድ በተደረበ ቁጥር ዲግሪውም እየጨመረ ነው የመጣው። መተንፈሻው ተደፍኗል።»

አንዲት ሴት ጉንጯን ይዛ ቀረች። እማማ ናርዶስ እጃቸውን ለአስካለ ዘረጉ።

«አንሺኝ» አሉ።

አስካለ ሮጣ አነሣቻቸው። እማማ በእርጋታ ሄደው፣ ጎንበስ ብለው፣ መዳፋቸውን ከሳጥኑ ጀርባ አስጠጉ። ወዲያው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ውይ! ይሄስ የዳቦ ቤት አፍ ነው!» አሉ። «እኔን በዚህ ሙቀት አሥራ አራት ጋቢ ብታለብሱኝ እስካሁን አልቅሳችሁልኝ ነበር። ምነው ጠዋት አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁዎት።»

«መፍራቱንስ ደግ አደረግሽ። ነይ፣ የኔን መጀመሪያ አንሺው፣ ከላይ ያለው እሱ ነው።»

ሶልያና በሁለት እጇ አነሣችው። ከዚያ አሥራ ሦስቱ በአንድ ላይ ተነሡ፤ ሳሎኑ ነፋስ እንደገባበት ተንቀሳቀሰ። ሰባ አራት። ስድሳ ስምንት። ሃምሳ ዘጠኝ። ሰዎቹ ቁጥሩን ጮክ ብለው ወደታች ይቆጥሩ ጀመር፣ የኳስ ጨዋታ እንደሚያይ ሰው።

«ቆይ እንጂ» አሉ እማማ ናርዶስ ወደ ሐሩን ዞረው፤ «ያንተ ቤት ሳጥን ታዲያ ለምን ሳይሞቀው ቀረ?»

የመለሰችው ከኋላ የነበረች ሴት ናት።

«ለወንደላጤ ዳንቴል ማን ያወጣል እማማ!»

ሳቁ ጣሪያውን ነካ። ሐሩን ራሱ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ይኸው!» አለ ደረቱን እየመታ። «ሃምሳ ዓመት አግባ አግባ ስትሉኝ! መዝገባችሁን ያተረፈው አለማግባቴ ነው!»

«ማበጠሪያው ግን...» አሉ ጋሽ ናሆም ቀስ ብለው።

«ይቀመጥልዎ ጋሼ» አለ ሐሩን። «ላዘቦት ቀን አያስፈልገውም፣ ለዛሬው ሸክም ይሁንለት። ግማሽ ድል ይውሰዱ፣ ሙሉውን ግን አልሰጥዎትም።»

ጋሽ ናሆም ደብተራቸውን ከፈቱና በአንቀጽ ዘጠኝ ሥር አንድ መስመር ጻፉ። ዳንቴል በግድግዳ እንጂ በሳጥን ላይ እንዳይሆን የሚል ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተረኛ ቤት ግድግዳ ዳንቴል በዳንቴል ነው። የእማማ ናርዶስን በዚያው ሰዓት ያፌት መሰላል ላይ ወጥቶ ልክ እንደ ጥላ መረብ በመስኮቱ ላይ ወጠረው፤ ፀሐዩ በዚያ ሲያልፍ ወለሉ ሁሉ አበባ ሆነ። እሳቸውም «እንዲያውም አሁን ታየ» አሉ።

ሥራው አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ስምንት ደቂቃ ሲቀረው አለቀ። ሳጥኑ አንድ ጊዜ ብቻ ደወል አሰማ። የጋሽ ናሆም ብዕር ከሶልያና ስም አጠገብ «ተረክባለች» ብሎ ጻፈ። አሥራ ሁለት ሲሆን መብራቱ ደብዘዝ አለ፤ ከሩቅ ፓምፖቹ ማጓራት ጀመሩ፤ ሳጥኑ በራሱ ትንሽ ባትሪ፣ አርባ ሦስት ዲግሪ ላይ፣ ተረጋግቶ ተቀመጠ። በዚህ ሙቀት ማበጠሪያ ይኑረው አይኑረው የሚጠይቀው አልነበረም።

እንግዶቹ ቀስ በቀስ ወጡ። ሐሩን ባዶ እጁን እያወዛወዘ፣ ዛሬ ማታ በሸርጥ እንደሚያመሽ ለመንገደኛው ሁሉ እያወጀ ሄደ። ያፌትና አስካለ ወጥ ቤት ገብተው ብርጭቆ ያጥባሉ፤ ማን እንደሚያደርቅ ሲጨቃጨቁ ይሰማል።

ሶልያና ሳጥኑ ፊት ተቀመጠች። ስሟን ጠራች፣ የእናቷን ስም ጠራች፣ ቀኑን ጠራች። አርባ ሰከንድ ነው፣ አለች ለራሷ። ከሠላሳው ሰከንድ በኋላ ይሆናል ክፉው።

«ሶሊ» አለች እናቷ። ድምፅዋ ልክ ከጎረቤት ክፍል የመጣ ይመስላል። «አላነሣሽም። ልብስ ላይ ነሽ መሰለኝ። ምንም አልፈለግሁም። ዛሬ በኛ በኩል ጅቡ ቀረብ ብሎ ነው የሚጮኸው። በሩን ቆልፈሻል? ያ መቀርቀሪያ ላልቷል። ለያፌት አስጠግነው ብዬው ነበር፣ የሚያስጠግነው እንዳይመስልሽ። እስከዚያ ወንበር ደግፊበት። አስካለን ሳሚያት። በይ ደኅና እደሪ።» አንድ ነገር ተንኳኳ። «ይሄ ነገር ደግሞ በየት ነው የሚዘጋው?»

አርባ ሰከንዱ ሞላ።

ሶልያና እስከ መጨረሻው ክፉውን ጠበቀች፤ አልመጣም። ደግማ ሰማችው፤ አሁንም አልመጣም። በሦስተኛው ሳቋ አመለጣት፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ ወረደ፤ ማንም አጠገቧ ተቀምጦ ጉሮሮውን አልጠረገም።

አስካለ እርጥብ ፎጣ ይዛ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «እማ! ምን ሆንሽ? ተቃጠለ እንዴ?»

«ኧረ ምንም። አያትሽ ናት፣ በሩን ቆልፉ እያለችን ነው።»

ተነሥታ ሄደች። በሩን ገፋ አድርጋ ገጠመችው፤ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው፤ መቀርቀሪያው ከተጠገነ ሦስት ዓመት አልፎታል፣ ቢሆንም ወንበር ስባ ደገፈችበት።